ባትሪው የጠጣው ውኃ

ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞላ ይፈላል፤ ሲፈላ ደግሞ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ትናንት ሰቆጣ ጋራዥ ውስጥ ወጣቱ ኤሌትሪክ ሠሪ የአሮጌዋን መኪናዬን ባትሪ ክዳኖች ሲፈታ ያ ሽታ መጣብኝ። "ውኃው ነጥፏል። የባትሪ ውኃ ይዘዋል ጋሼ?" አለኝ። ይዤ ነበር፤ ከወንበሬ ጀርባ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ አለ። ግን ወዲያው አላወጣሁለትም።

ነገሩ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር ያኔ። አባቴ ታሞ ሞቶ ከእሱ የቀረችን ይህቺው የጭነት መኪና ነበረች። ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ መንፈቅ አልሞላኝም፣ ከጋዝጊብላ ገበያ እህልና ገበያተኛ ጭኜ ወደ ሰቆጣ እመላለሳለሁ። መኪናዋ ከቆመች የምንበላው የለም። መበላሸት ስታበዛ አጎቴ ደግሞ "እስከ ፋሲካ ካላስተካከልካት ትሸጣለች" ብሎ ቆርጦ ነግሮኛል።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ እስከ መኪናዋ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ኮፈኑን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ ታደርግና "በል፣ ማርያም ትከተልህ" ትለኛለች። በአባቴም ጊዜ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እኔ ነገሬም አልለውም ነበር።

የዚያን ዓመት ጾም እንደገባ ባትሪው አስቸገረኝ። ቁልፍ ስጠመዝዝ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጠቅ ይልና ዝም ነው። ማታ ከቤታችን በላይ ዳገቱ ላይ አቆማትና ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባለሁ፤ ጠዋት ድንጋዩን አንሥቼ ቁልቁል እየለቀቅኩ በማርሽ አስነሣታለሁ። ሜዳ ላይ ከጠፋች ግን ገበያተኛው ሁሉ ወርዶ መግፋት ነው። አንድ ቀን በፃግብጂ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው ሲገፉልኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን ነበር። በአውራ ጣቴ ስጫነው ላላ ብሏል፤ ወጠርኩት። በማግስቱ ጠቅ። የባትሪውን ጫፎች ነጭ ዝገት በሙቅ ውኃ አጥቤ ካቦዎቹን አጠበቅኩ። ጠቅ። ዲናሞውን አስፈትቼ ካርቦኑን አስቀየርኩ። ሁለት ቀን ሠራች፣ ደስታዬን ሳልጨርስ በሦስተኛው ያው ሆነች። ሰዉ ደግሞ "አባትህ እኮ በድምፅዋ ነበር የሚያውቃት" ይለኛል። ይህ ከባትሪው በላይ ያንገበግበኝ ነበር። የማማክረው ሰው እንኳ አልነበረኝም፤ ማታ ማታ ጋቢናዋ ውስጥ ብቻዬን እየተቀመጥኩ መሪውን ይዤ እቆዝም ነበር።

በመጨረሻ ከተማው ውስጥ ወደነበሩት ሽማግሌ ኤሌትሪክ ሠሪ ሄድኩ። ሞተሩ እየሠራ የመለኪያቸውን ሽቦ ባትሪው ላይ አሳረፉ። ቀስቱ ወደ ላይ ወጣ።

"ዲናሞው ምንም አልሆነ። እሱ እየሰጠ ነው፤ የማይዘው ተቀባዩ ነው" አሉ።

"መኪናዋ ውስጥ የሚመጠው ነገር ይኖር ይሆን አባባ?"

"ሞልተን ነቅለን እናሳድረው። የምትመጠው እሷ ከሆነች፣ ተነቅሎ ሲያድር አይደክምም።"

ተነቅሎ አደረ፤ ጠዋት ሲለኩት ደክሟል። ክዳኖቹን ፈቱና ጎማ ራስ ባለው የመስታወት ቱቦ ውኃውን ስበው ወደ ፀሐይ አነሡት። አመድማ ነው፣ ዝቃጭ አለው። ሽማግሌው አማተቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ጠበል ነው መሰለኝ። እምነትም ተበጥብጦበታል። ባትሪ ከተጣራ ውኃ ሌላ ከገባበት አይይዝም።"

እምነት ከቤተ ክርስቲያን የሚዘገነው የተባረከ አመድ ነው፤ እናቴ ከራስጌዋ አታጣውም። ያኔ ትዝ አለኝ። ጾሙ ሊገባ ሰሞን እራት ላይ "ባትሪው ውኃ እየጠጣብኝ ነው" ብያት ነበር። አባቴ ክዳኖቹን ከፍቶ ውኃ ሲጨምርበትም አይታ ታውቃለች።

ቤት ስደርስ ምስር እየለቀመች ነው። ጠየቅኳት፤ አልደበቀችኝም።

"አባትህን በሽታ ወሰደብኝ። አንተን ደግሞ መንገዱ እንዳይወስድብኝ፣ ውኃ ይጠጣል ካልክ የእመቤታችንን ጠበል ይጠጣ ብዬ ነው ልጄ።"

"ሁለተኛ እጅሽን ከአባቴ መኪና ላይ እንዳታሳርፊ!" ብዬ ጮኽኩባት። ለእሷም የባሏ መኪና መሆኗ በዚያች ሰዓት አልታየኝም።

"እሺ" ብቻ ነው ያለችኝ። ወደ ምስሯ አቀረቀረች።

ሽማግሌው ከሌላ መኪና የወጣ ደህና ባትሪ ሰጡኝና መኪናዋ ከመሸጥ ተረፈች። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ከደጃፉ አልፋ አልመጣችም። በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ምን እንደምትል አያሰማኝም። ነገ ይቅር በይኝ እላታለሁ እያልኩ፣ ምን ልበልህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ መኪና አስነሥቼ ሄድኩ። ከዚያ ሞተች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሳጥኗን ከፈትኩ። ከበዓል ቀሚሷ ሥር ሰባት ጠርሙስ የባትሪ ውኃ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተከፈተም። አንዱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

"እናትህ በገበያ ቀን እየመጡ ነው የገዙት" አሉኝ። "'መኪናዋን የማይጎዳት የትኛው ነው?' እያሉ እኔን ያስመርጡኝ ነበር። አልሰጡህም እንዴ?"

እንዳትነኪ ያልኳት እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁና ከወንበሬ ጀርባ አስቀመጥኩት።

ትናንት ወጣቱ ባትሪውን ከመጠን በላይ ያስሞላውን የዲናሞ መቆጣጠሪያ ቀይሮ ሲጨርስ የእናቴን ጠርሙስ ከወንበሬ ጀርባ አወጣሁለት። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ በቀስታ አንቆረቆርኩት። ማታ እንደ ድሮው ዳገቱ ላይ አቆምኳት። ዛሬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ወረድኩና ኮፈኑን በመዳፌ ሁለቴ መታ መታ አደረግኩት። ሞተሩ እየሠራ ትንሽ ቆሜ ወደ ቤቱ ዞር አልኩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ስወጣ ራሴው ነበርኩ የቆለፍኩት።