ውሃ መጣ ሊሉን በር ሲያንኳኩ

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ሲንኳኳ፣ እማዬ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ወደቀች።

ያንኳኩት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው። ከሳምንት በኋላ ውሃ ስለመጣ፣ ሳይሄድ እንድንቀዳ ሊነግሩን ነው።

(እኛ መካኒሳ ውሃም መርዶም የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው።)

የወንድሜን መርዶ የተረዳነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዚሁ ሰዓት፣ ይኸው በር ተንኳኩቶ ነው።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ኖራድሬናሊን የሚባል የአድሬናሊን ዘመድ አንጎል ውስጥ ይለቀቃል። አሚግዳላ በምንለው የስሜት ማዕከል፣ ነርቮቹ ላይ እሱን የሚጠብቁ ተቀባዮች አሉ። እነሱ ላይ ሲያርፍ ነርቮቹ የሚለዋወጡት መልእክት ይበረታል፤ ያኔ የተሰማው ድምፅም ከድንጋጤው ጋር አብሮ ይታተማል። ከዚያ ወዲያ ማንኳኳቱ ብቻውን ይበቃል።

ይህን ሁሉ አውቄ ዛሬ ያደረግሁት ፊቷ ላይ ውሃ መርጨት ነው። ያንኑ የመጣውን ውሃ።

እትዬ አልማዝ «እኔን ድፍት ያድርገኝ! ውሃ ነው እኮ!» እያሉ አለቀሱ። ከእንግዲህ ሳያንኳኩ ከውጭ «ውሃ!» ብለው እንዲጣሩ ተስማማን።

እማዬ ነፍሷ መለስ ሲል ፊቴን ዳበሰችው።

«የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። አንተም እዚሁ አጠገቤ ነበርክ። ታዲያ ለማን ነው የጮህኩት?»

ውሃው ሳይሄድ ልቀዳ ወጣሁ። እናንተስ ቤት እንዲህ ሆኖ የቀረ ድምፅ የትኛው ነው?