ባለ አንድ ኪስ ማኅደር

ከምስማሩ ላይ ሳወርደው ማንገቻው እንደ ድሮው ሲጥ አለ። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የቆዳው ሽታ ደክሟል፤ ከሥሩ ግን ጧፍና የቤት ጭስ አሁንም አለ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት በአንቺ ምክንያት ነው። ጠዋት የአምስት ቦርሳ ፎቶ ልከሽ፣ ካሜራሽን ይዘሽ ረጅም የእግር መንገድ ልትሄጂ እንደሆነ ነግረሽ፣ «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አንደኛው አሥራ አራት ኪስ አለው። ቆጠርኩት። የውኃ መያዣ፣ የዝናብ ልብስ፣ የወገብ ቀበቶ፣ የደረት ቀበቶ። በቅሎ እንኳ እንዲህ አትጫንም። የእኔ ግን አንዲት ኪስ ብቻ አለችው፤ እሷም በኋላ የመጣች ናት። እንዴት እንደመጣች ሳልነግርሽ ቦርሳ ልመርጥልሽ አልችልም። እናትሽም አለችበት፤ መቼም ነግራሽ አታውቅም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ቢቸና ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱ አዲስ ካሜራ ሲያመጣ አሮጌውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ቀኑን ሙሉ የማነሳው ጉርድ ፎቶ ነው። ጆሮ ይታይ፣ አንገት ቀና፣ አትሳቅ። ከዚያ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ያልተቀመጠ የቢቸና ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲመረኝ መጋረጃ የሌለበት ፎቶ ማንሳት አማረኝ። ከቢቸና ተነስቼ፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ፣ ሞጣ ድረስ በእግሬ ልሄድ፣ መንገድ ላይ ያየሁትን ሁሉ ላነሳ ወሰንኩ። መኪና አጥቼ አልነበረም። ከመኪና መስኮት የሚነሳ ፎቶ ዛፉም ሰውም ተስቦ ነው የሚወጣው።

ቦርሳ ማማረጥ ያን ጊዜም ነበር፤ የሚመረጠው ነው ያልነበረው። የተማሪ ቦርሳዬ ዚፑ ከላይ ሲዘጋ ከታች ይከፈታል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጥቁር የካሜራ ቦርሳ ነበር፤ ጠርዙ ዳሌዬን እየመታ አላስኬድ አለኝ፤ ላዩ ላይ ደግሞ በትልቁ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት። ባለቤቱ ሲያየኝ ሳቀና፣ ይህን አንግቶ መሄድ ካሜራ አለኝ እያሉ መለፈፍ ነው አለኝ። ጥሩ ቦርሳ ማለት ቀላል የሆነ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ ያለውን የማይናገር ነው አለ። ወሩ መስከረም ነበር፤ ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም። የእናቴን ዘንቢል ሞከርኩ። የመድኃኒት ካርቶን በገመድ አስሬ ሞከርኩ። አንዱም አልሆነም።

አባቴን፣ አያትሽን፣ አልደረስሽባቸውም። መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የብራና ዳዊታቸውን ለደብሩ ሰጥተው በቃላቸው መድገም ጀመሩ። መጽሐፉ ሲሄድ ማኅደሩ፣ ማለትም ዳዊቱን ከተው የሚያነግቱት የቆዳ መያዣ፣ ባዶውን ከራስጌያቸው ተሰቅሎ ቀረ። አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል አውርጄ ካሜራውን በእናቴ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ከተትኩት። ልክክ አለ። ክዳኑ ወደ ታች ስለሚታጠፍ ዝናብ መግቢያ የለውም፤ ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንግቼው ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም።

ስጡኝ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ድጓ ጀምሬ የተውኩ ልጅ ነኝ። ስለዚያ አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩኝም፤ አለመናገራቸው ነበር የሚያስፈራኝ። ትምህርቱን ጥዬ ማኅደሩን ለፎቶ ማንሻ ስጡኝ ልበላቸው? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ረቡዕ ማለዳ እሳቸው ኪዳን ሊያደርሱ ሲወጡ እኔም ማኅደሩን አንግቼ ወጣሁ። እናትሽ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለእሷ ብቻ ሞጣ እንደምሄድ ነግሬ፣ እስከ ዓርብ ትንፍሽ እንዳትል ማስቲካ ሰጠኋት።

ቢቸናን ለቅቄ ብዙም ሳልርቅ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ጭነቷን አውርዳ ማኅደሩን ተሳለመች። ምን እንደሆነ የገባኝ ካለፈች በኋላ ነው። ማኅደር ያነገተ ወጣት ዲያቆን ወይ የቅኔ ተማሪ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዚያ በኋላ ገበሬው ከእርሻው ዳር፣ ገበያተኛው ከመንገዱ እየመጣ ተሳለመው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አፈርኩ። ውስጡ ያለውን አይናገር የተባለው ቦርሳ የሌለውን ይናገርልኝ ጀመር። ሰው በሌለበት እያወጣሁ ማሳውን፣ ድልድዩን፣ ማዶ ያለውን ገደል አነሳሁ፤ ሰው ሲመጣ እንደ ሌባ እከታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደብረ ወርቅን አልፌ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝ። ሮጬ አንዲት ዋርካ ሥር ስገባ አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን ይዘው ቆመዋል። ዋርካዋ ታንጠባጥባለች። ሽማግሌው አንድ ላስቲክ ደርበው ነበር። ማኅደሩን ሲያዩ ላስቲኩን ከራሳቸው ላይ ገፈው በእሱ ላይ አለበሱት። ተዉ አልኳቸው።

«እኔ ድሮም ርሻለሁ» አሉ። «እሱ ብራና ነው፤ ውኃ አይችልም።»

አጠገቤ ቆመው ሲርሱ አየኋቸው። ውኃው ከጥምጥማቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ በቅሏቸው ከኋላቸው ጆሮዋን ጥላለች፤ ከደመናው ሥር ቢጫ ብርሃን ገብቶ ፊታቸውን ከጎን ያዘው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ ከፊቴ ቆሞ አያውቅም። ለማንሳት ግን ክዳኑን መክፈት አለብኝ። እውነቱን ለመናገርም ያው ነው። ሁለቱንም አላደረግኩም። ዝናቡ ሲያባራ ላስቲካቸውን አጠፉ፣ ማኅደሩን ሦስት ጊዜ ተሳለሙ፣ ከዚያም ስመ ክርስትናቸውን ነገሩኝ። እንዳልረሳው ብለው ደገሙልኝ።

«ስትደግም አስበኝ፣ ልጄ» አሉና በቅሏቸውን እየሳቡ ወረዱ።

እስከ ሞጣ ሌላ ፎቶ አላነሳሁም። ያንን ስም እያልኩ ሄድኩ። ብረሳው ደግሞ ሁለተኛ ኃጢአት ሊሆንብኝ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሞጣ ገባሁ። እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ወደ ቢቸና የሚመልሰኝን አውቶቡስ ልጠይቅ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። «ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው! ባሕር ዳር!» እያሉ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። በሚኒባሶቹና በአጥሩ መሐል አንድ ነጭ የጠመጠሙ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለ። በአጠገባቸው ሳልፍ ማንገቻው ሲጥ አለ። ሰውየው ቀና አሉ። አያትሽ ነበሩ።

«መጣህ?» አሉኝ፣ ከገበያ እንደተመለስኩ ሁሉ።

ማኅደሩን አውልቄ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ወደ ጎን ገፋ አድርገው ክንዴን ያዙ፤ ይዘውም አልለቀቁኝም።

«ማኅደሩን ፍለጋ የመጣሁ መሰለህ?»

ያ ሁሉ ፍርሃቴ በአንድ ጊዜ ከላዬ ወረደ። ሳላስበው አለቀስኩ።

ነገሩን በኋላ ነው የነገሩኝ። እናትሽ ማስቲካው ሳያልቅ ረቡዕ ማታውኑ አወጣችው። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ሁለት ልጆች ሳይናገሩ ወደ መተማ ወርደው ወሬያቸው ጠፍቶ ነበር። ሞጣ ልሂድ ያለ ሁሉ ሞጣ አይቀርም፤ ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር መተማ፤ እሳቸው ያሰቡት ይህንን ነው። ስለዚህ ሐሙስ በመጀመሪያው መኪና መጥተው የባሕር ዳር ሚኒባስ የሚሞላበት ቦታ ተቀመጡ። ዓይናቸው መንገደኛውን ስለማይለይላቸው የሚጠብቁኝ በጆሯቸው ነበር፤ የማኅደራቸውን ማንገቻ ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እናቴ ቋጥራ በእሳቸው እጅ የላከችልኝን በሶ እዚያው በጥብጠን ጠጣን።

ማኅደሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቁኝ ካሜራውን አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ጠየቁ። ጠብታ አልገባበትም ስላቸው፣ «ጥሩ ቆዳ ነው» አሉ፤ ኮራ አሉበት። ያኔ የሽማግሌውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ስሙን ይዘኸዋል?»

«ይዣለሁ፣ አባባ።»

ነገርኳቸው። ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ፤ ረዳቶቹ በሚጮኹበት መሐል የቀኑን ዳዊት በቃላቸው ደገሙ፤ መጨረሻ ላይ ያንን ስም ጠሩ። ከዚያ ተቀመጡና፣ ሰዎቹ መሳለማቸው ጥፋት እንዳልሆነ፣ የእኔ ዝም ማለት ግን ጥፋት እንደሆነ ነገሩኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ሁለተኛ ሰው እንዳይሳሳት መላ እንምታለት ብለው ወደ ገበያው ዳር ወሰዱኝ።

እዚያ ቆዳ የሚሰፋ ሰው ነበር። አያትሽ ማኅደሩን ሰጥተው ከፊቱ ኪስ እንዲሰፋበት ጠየቁት፤ ቀይ ይሁን አሉ። ሰውየው ማኅደሩን አገላብጦ አየና ደነገጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶ እንደማያውቅ፣ እጁም እንደማይደፍር ተናገረ።

«ዳዊቱ ወጥቷል» አሉት። «አሁን ሌላ ነገር ነው። ያየ ሰው እንዲያውቀው ስፋለት።»

ሰፋው። ስፌቷ ጠማማ ናት፤ መጥተሽ ስታያት ትስቂያለሽ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ማኅደሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለት እጃቸውን ጭነውበት ተቀመጡ። ፎቶዎቹን ማየት ስለማይችሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸውም ያንን መንገድ በተማሪነታቸው ሄደውበታል፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ ያኔ ድልድይ እንዳልነበረ፣ በገመድ እንደተሻገሩ ነገሩኝ። ዋርካዋ ጋ ስደርስ ፎቶ እንደሌለኝ ተናገርኩ። ታዲያ ምን ይመስሉ ነበር አሉኝ። ጥምጥሙን፣ ውኃውን፣ የበቅሎዋን ጆሮ፣ ያንን ቢጫ ብርሃን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት ሴት ተሳፈረች። ልትሳለም ጎንበስ ስትል ቀዩን ኪስ አየችና ቀና አለች። ምንድን ነው ይሄ ብላ ጠየቀች።

«የልጄ ካሜራ ነው» አሉ አያትሽ።

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ያንን ስም አያትሽ እስኪያርፉ ድረስ በየማለዳው ሲጠሩት እሰማ ነበር። አሁን ለእኔ ተርፏል። እንደ እሳቸው ሙሉውን ዳዊት አልደግምም፤ የምችለውን ያህል ብዬ ስሙን እጠራለሁ። አሁን አሁን የእሳቸውንም አብሬ እጠራለሁ።

እንግዲህ ቦርሳውን በተመለከተ፣ ግራጫውን ግዢ። ቀላል ይመስላል፣ ክዳኑ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ኪሱም አልበዛም። ሰው ምን እንደያዝሽ ሲጠይቅሽ ካሜራ ነው በይ። የምትሄጂበትን ቀንና መንገድ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። አለዚያ ከመንገድሽ መጨረሻ ስትደርሺ፣ በሶዬን ቋጥሬ መናኸሪያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ታገኚኛለሽ።