ካርድ ማውጣት

«ካርድ ለማውጣት ነው» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ።

«እማማ፣ ሆስፒታሉ ማዶ ነው። ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ! እዚያ ሆዴን ቀዶ የሰፋው ሐኪም ነው እዚህ መጽሐፌን የመዘገበው።»

ያ ቀዶ ሐኪም የታተመውን ልብ ወለድና ግጥም ሁሉ እስኪሞት በካርድ ሲመዘግብ ኖሮ፣ መሳቢያዎቹን ለእኛ ትቷል። የሴትዮዋን ስም ጠይቄ ፍለጋ ገባሁ። መነጽራቸው በክር ታስሯል፤ የሹራባቸው ቁልፍ ተዛንፏል፤ ጣታቸው ግን ቤት እንደሚመታ ገጣሚ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

ካርዱ ተገኘ! ከርዕሱ ሥር በሐኪሙ እጅ ጽሑፍ «ደራሲዋ ድናለች፤ ሁለተኛው ይጠበቃል» የሚለውን አነበብኩላቸው።

እልልታቸው አንባቢውን ሁሉ ከወንበሩ አስነሣው። ከዘንቢሉ ቀለሙ ገና የሚሸት መጽሐፍ አወጡና፣

«ሠላሳ ዓመት አስጠበቅኩት» አሉ። «በል ልጄ፣ ካርድ አውጣልኝ!»