ለመጠባበቂያ የገለበጥኳቸው ፊልሞች

ባሌ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከቦንጋ ቡና ጭኖ ይወጣል፣ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ወደ ገበያ መውረጃው ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ፊልም አከራይ ነበርኩ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው የጀመርነው። ያኔ ቦንጋ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ የዲስክ ማጫወቻ ዴክ መግዛት ይዞ ነበር። ከማንኪራ ገጠር የሚመጣ ገበሬ ሳይቀር ቡናው ሲሸጥለት ከቆርቆሮ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ፊልሞቹን የሚያመጣው ባሌ ነው። መርካቶ ኦሪጅናል ዲስክ ይገዛና ከወንበሩ ኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይመጣል። ኦሪጅናል ዲስክ ግን በተከራይ እጅ ሦስት ወር አይቆይም። በቅባት እጅ ይያዛል፣ ሕጻን መስታወት አድርጎ ይጫወትበታል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንደውም የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጎት ክቡ ምልክት እንዳለበት መለሰልኝ። ብቆጣው «ታጥቦ ይለቃል» ብሎኝ ወጣ።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን ቆልፈን ግልባጩን ማከራየት ነበረብን። ባሌ ያገለገለ ኮምፒውተር ከነዲስክ መጻፊያው አመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ በማግስቱ ቡናውን ጭኖ ሄደ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የስድስት ወር የጽሕፈትና የኮምፒውተር ኮርስ ወስጄ ነበር። የቀረውን ብዙ ዲስክ አበላሽቼ ተማርኩት።

መጀመሪያ የሠራኋቸው ያሳፍሩ ነበር። ፊልሙ መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ከከንፈር ኋላ ይቀራል። ቆይቶ እንደገባኝ ጥፋቱ የችኮላ ነበር። ኮምፒውተሩ ቶሎ ልጻፍልሽ ይላል፤ እሺ ካሉት ያበላሻል። ዝቅተኛውን ፍጥነት መርጬ፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መጠበቅ ለመድኩ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ዲስኩ አለቀለት ማለት ስለሆነም የምገለብጠው እሑድ ጠዋት ነበር። ወፍጮዎቹ አይነሱም፣ ሰው ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን ገሚሱ ጸሎት ቤት ስለሚሆን መብራቱ ረጋ ይላል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን እየቀረሁ ነው እንግዲህ።

ዲቪዲ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ኦሪጅናሉ በሁለት ንብርብር የተጻፈ ነው፤ እኛ የምናገኘው ባዶ ዲስክ ግን የሚይዘው ግማሹን ያህል ነው። ሌላው ሰው ፊልሙን ጨምቆ በአንዱ ላይ ያስገባው ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ሞከርኩት። ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ቦታ ደህና ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ግን ስዕሉ ተሰባብሮ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። ቦንጋ ለሚኖር ሰው ዝናብና ቅጠል አበላሽቶ ማሳየት ነውር መሰለኝና ተውኩት። ፊልሙን መሀል ላይ፣ ሰው ንግግሩን ጨርሶ ዝም የሚልበትን ቦታ ፈልጌ እከፍለዋለሁ፤ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት አድርጌ ምንም ሳልቀንስ በሁለት ዲስክ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ከኦሪጅናሉ ጋር እያፈራረቅሁ አያለሁ። ልዩነት ካገኘሁ እጥለዋለሁ። ወረቀት መለጠፍ ዲስኩን ስለሚያዛባው መሀሉ ላይ ባለችው ቀለበት ላይ በቀጭን ማርከር ቁጥሩን ብቻ እጽፍበታለሁ።

አንድ ቀን ባሌ ቁርስ እየበላ «ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ገልብጪ» አለኝ።

«ሁለተኛው ለምን?»

«ለመጠባበቂያ። ይህ ቤት ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ ኦሪጅናሉም ግልባጩም አብሮ ነው የሚሄደው። ሁለተኛውን ጊምቦ እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።»

አስተዋይነቱ ደስ አሰኘኝ። ባል ስለ ነገ ሲያስብ የማትወድ ሴት የለችም። የመጠባበቂያዎቹን ከቁጥራቸው ጎን «መ» እያልኩ ምልክት አደረግሁባቸው። ማንም ሳይነካቸው ዓመታት ይቀመጣሉ ብዬ በጥሩው ባዶ ዲስክ የምገለብጠው እነሱን ነበር። እያንዳንዱን በልኩ በቆረጥኩት የወረቀት ፖስታ አድርጌ፣ እርጥበቱ ሻጋታ እንዳያወጣባቸው ጥሬ ሩዝ በነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ ካርቶኑ ውስጥ እጨምር ነበር። አማቴ ቤት በዓል ስንውል ሳጥኑን አይቼዋለሁ። ቁልፉ ባሌ ጋ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ አንድ ክረምት ለስልጠና ቦንጋ የመጣ መምህር ሱቄ ገባ። በመሐረብ የጠቀለለውን ዲስክ አወጣ።

«ይቅርታ፣ እትዬ፣ የዚህ ክፍል ሁለት ይኖራችኋል? ከማስተምርበት ከተማ፣ ከዋጫ የተከራየሁት ነው። ክፍል ሁለቱ ተሰብሮባቸው ሳልጨርሰው ቀረሁ።»

ዲስኩን ተቀብዬ ገለበጥ አደረግሁት። ቀለበቱ ላይ ቁጥሩ አለ። ከቁጥሩ ጎን «መ» አለ። ጽሑፉ የእኔ ነው።

«ዋጫ የት ነው የተከራየኸው?» አልኩት።

«ከመነኻሪያው ከፍ ብሎ ነው። ከተከፈተ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ቦንጋ ካሉት ሁሉ የጠራ ፊልም ያለው እዚያ ነው። ምን ተአምር እንደሚሠሩ አላውቅም፣ ከኦሪጅናሉ አይለይም።»

በሙያዬ ስመሰገን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መምህሩ የሚያመሰግነው ማንን እንደሆነ አያውቅም። ክፍል ሁለቱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ መያዣም አልጠየቅሁትም። ሲወጣ ሱቁን ዘግቼ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ። ከሳጥኑ ሌባ ወስዷቸው ይሆናል ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። ሌባ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳጥን አይሰርቅም።

ባሌ ያን ሳምንት አዲስ አበባ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ለማንም ሳልናገር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሺሺንዳ አካባቢ ወርደን ስንገፋ ጫማዬ ተበላሸ። ዋጫ ስደርስ መምህሩ ያለኝን ሱቅ አገኘሁት፤ ያን ጭቃ ጫማ ከደጁ ባለው ድንጋይ ላይ እየጠረግሁ ወደ ውስጥ አየሁ። የእኔው የወረቀት ፖስታዎች በመደርደሪያ በተራ በተራ ተሰድረዋል። ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት የምታንስ፣ ፊቷ ሰፋ ያለ ሴት ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች። ምንጣፉ ላይ አንድ ዓመት ያለፈው ልጅ የዲስክ ክዳን እየከፈተ ይዘጋል። ግንባሩ የባሌ ግንባር ነው። እኛ ልጅ አልነበረንም።

«ይግቡ፣ እትዬ። ምን ልስጥዎት?»

«ፊልሞቹን ከየት ነው የምታመጪያቸው?»

«ባለቤቴ ነው የሚያመጣቸው። ሾፌር ነው። ቦንጋ ያለች እህቱ ናት የምትገለብጥለት።»

«እህቱ?»

«ታላቁ ናት። ብቸኛ ስለሆነች በዚህ ነው ጊዜዋን የምታሳልፈው ይላል። እጇ ግን የተባረከ ነው። ሩዝ እንኳ ሳይቀር ቋጥራ ትልካለች፤ መጀመሪያ ለእኛ የላከችው መስሎኝ ቀቅዬው ነበር።» ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም።

የያዝኩት ቁጣ ብዙ ነበር፤ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትም ስድብ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እህቱ አይደለሁም» የሚል ብቻ ነው።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የጣት ቀለበቴን አየች፣ ጭቃ ጫማዬን አየች። ለራሷ በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረችና ልጁን ከምንጣፉ አንስታ አቀፈችው። ወንበርም አቀረበችልኝ። አልተቀመጥኩም። አሁን ሳስበው እሷም እንደ እኔ የተታለለች ናት። ያኔ ግን ይህን ለማሰብ ልብ አልነበረኝም፤ ፖስታዎቼን አይቼ እንደገና ወደ መነኻሪያው ወረድኩ።

ባሌ ሲመለስ አልካደም። የመካድ ያህል እንኳ አላከበረኝም። ሻንጣውን ሳያወርድ በር ላይ ቆሞ «ምን ጎደለብሽ?» አለኝ። «ከአንቺ ቤት አንድ ነገር አልወጣም። ኦሪጅናሉም እዚህ ነው፣ የምታከራዪውም እዚህ ነው። የሄደው ትርፉ ግልባጭ ነው።»

በሽማግሌ ተቀመጥን። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ አጎቱ፣ አንዱ ጎረቤታችን የሆነ ነጋዴ፣ አንዱ ከቀበሌ ጡረታ የወጡ ሰው። መለያየቱ ብዙ አላከራከረም። ያከራከረው ሱቁ ነው። ባሌ «ኦሪጅናሎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ልውሰድ» አለ። ግልባጮቹ ይቅሩላት አለ፤ ለጋስ መስሎ።

እኔ ሙያዬ እንዲታወቅልኝ ፈለግሁ። ሞኝነቴ እሱ ነበር። ከአንድ ፊልም ኦሪጅናሉንና ግልባጩን አውጥቼ፣ ዝናብ የሚዘንብበትን ቦታ ተራ በተራ አጫወትኩላቸው። ሦስቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩ።

«የትኛው ነው ኦሪጅናሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ነጋዴው አላውቅም አለ። ጡረተኛው አስበው አስበው ጣታቸውን ወደ እኔ ግልባጭ ቀሰሩ። ደስ አለኝ፤ አሁን ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ ጡረተኛው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልዩነት ከሌላቸው እሱ ኦሪጅናሉን ቢወስድ አንቺን ምን ያስጨንቅሻል?»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌም ነቀነቀ። ግልባጭ ሲጫር እንደገና የሚገለበጠው ከኦሪጅናሉ ነው፤ ኦሪጅናል የሌለው ግልባጭ ዕድሜው ተቆጥሯል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ቃሌ ግን ከሳቸው ጥያቄ ጋር ሲተያይ የተንኮለኛ ክርክር መሰለ።

«ኮምፒውተሩስ?» አልኩ።

«እሱ አይደል የገዛው?» አሉ አጎቱ። «አንቺ እጅሽ ላይ ሙያ አለሽ። ሙያ ያለው ሰው የትም አይወድቅም።»

ምሳ አብረን በላን። በሽማግሌ ፊት አልበላም ማለት ስለማይቻል እኔም ቆጮውን ቆርሼ በላሁ።

ያልኩት ደረሰ። ኮምፒውተር የለኝም፣ ኦሪጅናል የለኝም፤ በእጄ ያሉት ዲስኮች በየሳምንቱ እየተጫሩ ተመለሱ። የመጀመሪያው ሲያልቅ በአልኮል ጠርጌ፣ በጥጥ አሽቼ ላድነው ሞከርኩ። ከሃያኛው በኋላ መሞከሩን ተውኩ። ዓመት ሳይሞላ መደርደሪያውን ለእንጨት ሠራተኛ ሸጬ ሱቁን ለባለቤቱ መለስኩ። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲታመሱ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ እተይብ ነበር፤ ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሌ እያልኩ።

ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለተኛው ዓመት ላይ የዋጫዋ ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች። ልጁ በእግሩ ቆሞ ቀሚሷን ይዟል። ኮምፒውተሩን ባሌ ወስዶ እሷ ዘንድ አስቀምጦት ነበር። እሱ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ መሄድ እንጂ ሌላ አያውቅም።

«እትዬ፣ የመጣሁት ተቸግሬ ነው» አለች ቆማ። «የምገለብጠው ሁሉ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ድምፁም ይዘገያል። እሱ ሲመጣ ይሰድበኛል። እህ… እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ፍጥነቱን ቀንሺ ማለት ብቻ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«ረስቼዋለሁ» አልኳት።

አየችኝ። እንደዋሸሁ አውቃለች፣ እኔም እንዳወቀች አውቄያለሁ። ከዋጫ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ውሃ እንኳ ጠጪ አላልኳትም። ጎንበስ ብላ አመስግናኝ ልጇን ይዛ ወጣች። እኔ የጀመርኩትን ደብዳቤ ቀጠልኩ፤ ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

የዋጫው ሱቅ ብዙ አልቆየም። ባሌ እዚያም ጠፍቶባት እሷ ልጇን ይዛ ቢታ ገነት ወላጆቿ ዘንድ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ልፈልጋት ብዬ አላውቅም። እሱን ዛሬም ድረስ ይቅር አላልኩትም፤ ሽማግሌዎቹንም እንዲሁ፤ በዚህ አላፍርም። የማፍረው ለእሷ በነፈግኳት አንድ ቃል ነው። እሱንም ቢሆን በዚያን ቀን እንደገና ብትጠይቀኝ የምነግራት አይመስለኝም።

ባሌን አልፎ አልፎ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ አገኘዋለሁ። መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ በመስኮቱ «ደህና ነሽ ወይ?» ይለኛል፣ እንደ ሩቅ ዘመድ። ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። ደህና ነኝ እለዋለሁ።