ዘኪያን ያናገራት መፈክር

ተማሪዎቿ ‹ኡስታኒ›፣ መምህርት፣ የሚሏት ዘኪያ ፀጉሯ የሸበተው በፓኪስታኗ የጉጅራት ከተማ ለልጃገረዶች ኡርዱ ስታስተምር ነው። ከሁሉ የምትወደው ከነጻነት ቀን በፊት ያለውን ትምህርት ነበር። ተማሪዎቹ መፈክር ሊለማመዱ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ «ቆይ፣ የምትሉትን ሳታውቁ አትጩኹብኝ!» ትልና ጠመኔዋን ታነሳለች። «‹ዚንዳ› ሕያው፣ ‹ባድ› ይሁን ማለት ነው፤ ሁለቱም ከፋርስ የመጡ ናቸው። ‹ፓኪስታን ዚንዳባድ› ስትሉ አገራችሁን እየመረቃችሁ ነው። በቁጣ የሚመርቅ ሰው አይታችኋል?» ‹ኢንቂላብ ዚንዳባድ› ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ ‹ኢንቂላብ› የሚለው፣ አብዮት ማለት የሆነው የዐረብኛ ቃል፣ ሥሩ መገልበጥ እንደሆነ መዳፏን እንደ ቂጣ እያገላበጠች ታሳያቸዋለች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ ልብስ ስታሰጣ ቀኝ ጎኗ ከዳት። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ስትመለስ እጇ ቀስ በቀስ እየተሻለው ሄደ፤ ምላሷ ግን እምቢ አለ። የባሏን የሙኒርን ስም ልቧ ያውቀዋል፣ አፏ ላይ ሲደርስ ይጠፋባታል። ሙኒር በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፋብሪካ ሲሠራ የኖረ፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነው። «ግድ የለሽም፣ የሁለታችንንም እኔ አወራለሁ» እያለ ሊያጫውታት ሲሞክር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርበታለች።

የነጻነት ቀን ጠዋት፣ ባንዲራ የያዙ ጎረምሶች በጭነት መኪና በመስኮቱ ሥር አለፉ። «ፓኪስታን!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ዚንዳባድ!» አለች ዘኪያ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና።

ሙኒር የያዘው የሻይ ስኒ አመለጠው። «ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው!» አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ጥቂት አሰበና ራሱ እንደ ጎረምሳ ጮኸ፦ «ፓኪስታን!»

«ዚንዳባድ!»

ሐኪሙ ሲሰማ አልገረመውም። «ብዙ ዘመን በአንድ ትንፋሽ የተባለ ነገር፣ ዘፈንም ይሁን መፈክር፣ ሌላው ንግግር ሲጠፋ ሊተርፍ ይችላል። በዚያው ቀጥሉ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር መልሷ ያው ሆነ።

«ሩዝ ልጨምርልሽ?»

«ዚንዳባድ!»

«እህቴ ከላሆር መጥታ አንድ ወር ልትቀመጥ ነው።»

«ዚንዳባድ!»

«አሁን ገና መታመምሽን አመንኩ!» አለ ሙኒር።

ዘኪያ ሳቀች፤ ግን ከነከናት። ዕድሜ ልኳን ትርጉሙን ስታስተምር የኖረችውን ምርቃት ለሩዝ ትበትነው? ስለዚህ ቃሉን እንደ ድሮው ለሁለት ልትከፍለው ቆረጠች። ቀላል አልነበረም፤ ‹ዚንዳ› ስትል ‹ባድ› ሳይጠሩት ተከትሎ ይወጣል። ከንፈሯን በጣቷ እየያዘች ለፋች። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ዚንዳ» ብላ ቀጥ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አዎ» አለ ሙኒር፣ «በሕይወት አለሽ።»

ከ‹ባድ› ወደ ‹ሙባረክ ባድ›፣ እንኳን ደስ አለሽ ወደሚባለው፣ ተሻገሩ። እሱ ሲጀምር እሷ ትጨርሳለች። ከዚያ ‹ሙባረክ›ን ብቻዋን አለችው። ‹አዛድ› መጣ፣ ነጻ ማለት ነው፤ አገር የሚባለው ‹ወተን›ም ተከተለ። ብርዱ ሲገባ ውሃና ጨው በስማቸው ትጠይቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙኒር በር ላይ ቆሞ ለጎረቤት፣ «እኔ ነኝ ያዳንኳት፤ ሐኪሙማ ከእኔ ነው የተማረው» እያለ ሲያጋንን፣ ከኋላው «ሙኒር፣ ዝም በል!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ዞሮ አያት። ስሙን ከጠራችው ስንት ወር ሆኖታል! እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠ።

ንግግሯ እስከ መጨረሻው ቀርፋፋ ሆኖ ቀረ። የድሮ ተማሪዎቿ ግን እየመጡ ይጠይቋታል፤ አንድ ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ድረስም ሳይቸኩሉ ይጠብቋታል።