እሁድ የምትመጣው ተከራይ

ከሆሳዕና ከተማ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ማታ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው ነበር። ሚስቴ አልማዝ ከአንድ አናጢ ጋር ወደ አዲስ አበባ ከጠፋች ሁለት ወር ሆኗታል። ሥራ ፍለጋ ነው የምሄደው ብላቸው ማንም አላመነኝም።

«እንደማትፈልጋት ማል» አሉኝ።

«ብፈልጋት እናቴ ትሙት» አልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «አሜን» አለች።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወዳለሁበት ወደ የካ ስትመጡ ጋቢ እንዳትረሱ። የእንጦጦ ብርድ እንግዳ አያውቅም። መገናኛ አካባቢ ቆጮ ይገኛል፤ ግን የእኛ ቤት ቆጮ አይደለም። አያት ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ላይ ፌሮ፣ የግንባታ ብረት፣ ማጠፍ ጀመርኩ። ሥራው አይከፋም፤ ፍዳው ቤት ማግኘት ነው። ከእኛ አገር ለሚመጣ ሰው ሁሉ ቤት የሚፈልግ ደላላ አለ፤ ሰኞ ዕለት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ወይዘሮ አስካለ ጋ ወሰደኝ።

«ወንደላጤ አላከራይም» አሉ። «ሚስት አለህ?»

«አለችኝ እትዬ። ከኋላ ትመጣለች።»

«የሁሉም ሚስት ከኋላ ናት። የአንድ ተከራዬ ሚስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ነበረች። ፎቶ አሳየኝ።»

ስልኬ ላይ ያለውን የሰርጋችንን ፎቶ አሳየኋቸው። አስጠግተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይቺ ልጅ እኮ እዚሁ ክፍል ነበረች። አናጢውን ባሌ ነው ብላኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጥሏት ሄደ። ሻንጣዋ እኔ ጋ ነው፤ እሁድ መጥታ ትወስዳለች።» ቁልፉን ዘርግተው መልሰው ያዙት። «ቤቴ ውስጥ ጠብ አልፈልግም።»

«ምን ጠብ አለ እትዬ» አልኩ። ድምፄ መለስለሱ ራሴን ገረመኝ።

አልፈለግኳትም፤ ይህን እወቁልኝ። ደላላ ነው ያመጣኝ። ግን ቁልፉን ሳልቀበል መሄድ እችል ነበር፣ አልሄድኩም። ልብሴን አናጢው በመታው ምስማር ላይ ሰቀልኩ። አሁንም እወዳታለሁ። ስትመጣ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም፣ ያስፈራኛል። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ፌሮ ይዤ መጣሁ፤ በሩ ሥር አቆምኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ ሻክሯል።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ?»

«ጉንፋን ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከአልጋ አልወረድኩም። ቤት አገኘህ?»

«አገኘሁ።»

«አልማዝንስ አየሃት?»

«አላየኋትም።» እውነቴን ነው፤ ገና አላየኋትም።

«ጎሽ የኔ ልጅ» ብላ ሳለች፤ ሳሉ አልተዋት አለ። እስኪለቃት ጠበቅኩ።

«ነገ ልምጣ?» አልኳት።

«ምን ልትሠራ? ነገ እሁድ አይደል፣ ደክሞሃል። የትም አትውጣ፤ ቤትህ አርፈህ ዋል።»

«እሺ እማዬ» አልኩ።