ከፊልሙ የተቆረጠው ቢስሚላህ

አንድ ሰው የተናገረው ቃል ከፊልም ላይ ከተቆረጠ፣ ቃሉ ተብሏል ወይስ አልተባለም? ባለፈው ሳምንት ጊንጆ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ተማሪዎች ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ሲያቀናብሩ፣ አንዷ «እዚህ ጋ ቁረጠው፣ ሰውዬው አውርቶበታል» ስትል ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱ ግን ዛሬም የለኝም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለነበር ፊልም ልማር ኮሌጅ ስገባ የክፍሉ ትልቅ እኔ ነበርኩ። «እትዬ» ይሉኝ ነበር። በገጠር ኑሮ ውስጥ ስላሉ ቴክኖሎጂና እንስሳት የሙከራ ፊልም ሥሩ ተባልን። በቅሎ አንገት ላይ ትንሽ ካሜራ አስረን፣ እሸት ቡና ተጭና ወደ መፈልፈያው ማሽን ስትወርድ እሷ የምታየውን ብቻ እናሳይ ያልኩት እኔ ነኝ። የቡድናችን መሪ ቢንያም፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሐሳቡን ወደደው። የሰው ድምፅ እንዳይገባ የሚል ትእዛዝ ግን ጨመረበት።

ሊሙ ገነት የወረድነው በጥቅምት ነው። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ ከቡና ማጠቢያው በኩል የገለፈት ኮምጣጣ ሽታ ይመጣል። በቅሎዋ የአንድ ቡና ገበሬ፣ የአባ መጫ ናት። ባለቤታቸው ማር የተቀባ የበቆሎ ቂጣ አቀረቡልን፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ፊልም የበለጠ ያ ቂጣ ይናፍቀኛል።

በቅሎዋ ተጫነች፤ ካሜራው ተከፈተ። ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ሆና ነው ፋዘር?» አለ ቢንያም።

«ቢስሚላህ ሳልል መች ሄዳ ታውቃለች? ዝም በሉ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ዝም ብለው ይጎትቷታ!»

«እስቲ አንተ ጎትታት» አሉና ፈገግ አሉ።

ጎተታት። ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ እንጂ እሷ ጆሮዋን አቁማ መጠበቋን አልተወችም። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አባ መጫ በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አሉ። ወዲያው መንገድ ጀመረች።

ለእኔ ፊልሙ ያ ነበር። ከታች ማሽኑ ይጮኻል፤ ከላይ አንዲት በቅሎ አንድ ቃል ትጠብቃለች። ቢንያም ግን «እትዬ፣ ሙከራ ነው እኮ፣ ስብከት አይደለም» ብሎ መጠበቋንም ቃሉንም ቆርጦ ጣለው፤ ሙዚቃም ጫነበት። ተከራከርኩ። ስናደድ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደግሞ ማንም አይሰማውም።

ፊልሙን ይዘን ተመልሰን ለመንደሩ ሰው ስናሳይ፣ ስክሪኑ ላይ በቅሎዋ ያለ አንድ ቃል ከጓሮው ወጥታ ሄደች። ጎረቤታቸው አባ ዝናብ ከኋላ ጮኹ፦ «አባ መጫ! ለካ ሰው ከሌለ ያለ ቢስሚላህ ነው የምትጭነው!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። አባ መጫ ግን አልሳቁም። «ወላሂ ብያለሁ!»

«ታዲያ የታለ?»

ልመሰክር ስነሣ፣ ቢንያም በሰዉ ሳቅና ጭብጨባ ተደስቶ ፊልሙን እንደገና ከፈተው። ሙዚቃው ዋጠኝ። ከዚያ መኪናው መጣ፤ ተጫንንና ሄድን። የሰውዬው ስም ግን እዚያው መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ከካፌው በተነሣሁ በማግስቱ ሊሙ ገነት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን አሥር ጊዜ አስተካከልኩት። አባ መጫ አርጅተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ያኔ ቢስሚላህ ብለዋል» አልኳቸው። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ካሜራውም ይዞት ነበር። የቆረጥነው እኛ ነን።»

«እኔማ ያልኩትን አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው ባላቸው አቅም ተጣሩ፦ «አባ ዝናብ! ኮቱ! ቶሎ ና!» ወደ እኔም ተመለሱ። «በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ለሱ ንገሪው።»